የኔታ ጌም ቤት የገቡበት ክረምት

ሰርግ ላይ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ይህችን ጥያቄ አይስታትም። "ሥራሽ ምንድን ነው?" ይለኛል። "የጌም ሙዚቃ እደርሳለሁ፣ አቀናብራለሁ" እለዋለሁ። ትንሽ ያስብና፣ "እሱስ ይሁን፤ ለእንጀራሽስ ምን ትሠሪያለሽ?" ይለኛል። እንጀራዬ እሱ ነው! ልጁ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ሲሮጥ፣ ሲዘል፣ ሲሞት፣ ደግሞ ሲነሳ ከኋላው የሚሰማ ዜማ አለ አይደል? እሱን ሰው ነው የሚሠራው። ከሚሠሩት አንዷ እኔ ነኝ። አላፍርበትም። ሲሳቅብኝም አብሬ አልስቅም።

"የት ተማርሽው?" ሲሉኝ "ሰቆጣ" እላለሁ። "ሰቆጣ ደግሞ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ እንዴ?" ይላሉ። ለእኔ ነበረኝ፤ የእናንተን አላውቅም።

ባለፈው ሰሞን መብራት ጠፋና ጎረቤቴ ጀነሬተሩን አስነሳ። ዝናብ እየጣለ ነበር። ስቱዲዮ እያልኩ በምጠራት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በላፕቶፔ ባትሪ፣ ለውጭ ደንበኞቼ የምልከውን ዜማ እያስተካከልኩ ነበር። የቤንዚኑ ሽታ ከእርጥብ አፈር ሽታ ጋር ተቀላቅሎ በመስኮት ገባ። ያን ጊዜ ሥራው ከእጄ ወደቀ ማለት ይቻላል። አሥር ዓመቴ ነበር፤ አራተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ ክረምት ነው፤ የኔታን እየመራሁ በጭቃ ውስጥ እሄዳለሁ።

የኔታ አያቴ ናቸው፣ የእናቴ አባት። ዓይናቸው በልጅነታቸው በፈንጣጣ ጠፍቷል። ድጓን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የያዙ የዜማ መምህር ነበሩ፤ ከፃግብጂ፣ ከዝቋላ፣ ከሰቆጣ ዙሪያ የመጡ ወደ አርባ የሚሆኑ ተማሪዎች ነበሯቸው። አገሩ ሁሉ የኔታ ስለሚላቸው እናቴም እኔም ሌላ መጠሪያ አልነበረንም። ሲያስተምሩ በግዕዝ፣ ሲያወሩ በአማርኛ፣ ሲናደዱ ደግሞ በኽምጥኛ ነበሩ። ኽምጥኛው ሲጀመር አርባው ተማሪ አንገቱን ይደፋ ነበር።

ድሮ የሚመራቸው ተማሪ ነበር። ተማሪ ደግሞ ትምህርቱን በልቡ እያነበነበ ስለሚሄድ መንገድ አያይም። ሁለት ጊዜ ጉድጓድ ውስጥ ከገቡ በኋላ "ትርንጎን ስጡኝ፤ እሷ ኩሬ ታያለች" አሉ። ትርንጎ እኔ ነኝ። የዱላውን ጫፍ እኔ እይዛለሁ፣ ሌላውን ጫፍ እሳቸው ይይዛሉ፤ ከቤታችን በደብሩ እስከሚያስተምሩበት ጉባኤ ቤት፣ ከጉባኤ ቤቱ እስከ ቤታችን። ትምህርቱ እስኪያልቅ ደግሞ ከኋላቸው አጎዛ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ።

አርባ ተማሪ በአንድ ጊዜ አርባ ቦታ ላይ ሆኖ ይጮኻል። የኔታ ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል የሳተውን ለይተው "አንተ የዝቋላው፣ ተመለስ!" ይላሉ። እኔም ከኋላ ሆኜ የሳተው የት ላይ እንደሳተ ማወቅ ጀመርኩ። ማንም አላስተማረኝም፤ ማንምም ጆሮሽን ድፈኚ አላለኝም። አንድ ቀን ግን አምልጦኝ፣ የዝቋላው ተማሪ ገብሬ ሲስት እኔ ጮክ ብዬ ትክክለኛውን መለስኩለት። አርባው ተማሪ ወደ እኔ ዞረ። የደብሩ መሪጌታ፣ መሪጌታ ፈንታ፣ በር ላይ ቆመው ነበር። "ሴት ልጅ በጉባኤ ቤት ድምፅ አታሰማም" አሉ። የኔታ ቀጣዩን ተማሪ ጠሩ።

ከዚያ ወዲያ አፌን ዘጋሁ። ሆዴ ግን ሞልቶ ነበር፤ ማታ ስተኛ ድጓው ጆሮዬ ውስጥ ይጮኽ ነበር። መዝፈን አልነበረም ያማረኝ፤ እንደ እነሱ ከየኔታ ፊት ለፊት ተቀምጬ ድጓውን ማለት ነበር ያማረኝ። ያች ዱላ ትምህርት ቤቴ መሆኗን አውቃለሁ። ዱላዋን ከወሰዱብኝ ድጓው አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ዱላዋን ለማንም አላስነካም ነበር።

የሞላ ጌም ቤት ከባጃጅ መቆሚያው ዝቅ ብሎ፣ በመንገዳችን ላይ ነበር። የቆርቆሮ ግድግዳ፣ በበሩ ላይ መጋረጃ፣ ከውስጥ አንድ ቴሌቪዥንና አራት የፕላስቲክ ወንበር። መብራት ሲጠፋ ሞላ ከደጅ ያለችውን ጀነሬተር ያስነሳል፤ መብራት ደግሞ ሁልጊዜ ይጠፋል። በቀን አራት ጊዜ እናልፈዋለን። አንድ ቀን ዱላው ወደ ኋላ ጎተተኝ። የኔታ ቆመዋል።

"ትርንጎ፣ ይኼ ማን ነው?"

"ሞላ ነው፣ የኔታ።"

"የማን ተማሪ ነው?"

ይህ በእኛ ቤት ነገር ፍለጋ አይደለም፤ ልማድ ነው። ዜማ ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠየቀው አማረ ወይም አላማረ ተብሎ አይደለም። የማን ነው፣ ከማን ወረደ ይባላል። መምህሩን መጥራት ያልቻለ ተማሪ ድምፁ እንደ ማር ቢጣፍጥ እንኳ ሌባ ነው። እኔ የሞላን መምህር አላውቅም ነበርና አፈርኩ።

እዚህ ላይ ስስቅባት የምኖራት ስሕተት አለች። ዜማውን የሚያወጣው ሞላ ነበር የመሰለኝ። በመጋረጃው ስንጥቅ አይቼዋለሁ፦ ሪሞቱን ሲያነሳ ድምፁ ይነሳል፤ ሲጫነው ይወርዳል። መሪጌታ ፈንታም መቋሚያቸውን ሲያነሱ ማኅሌቱ ይነሳል፤ ሲያወርዱ ይወርዳል። ታዲያ በምን ይለያያሉ? በማግስቱ አንገቴን በመጋረጃው አስገባሁና፣ "ጋሽ ሞላ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የማን ተማሪ ነዎት?" አልኩት።

ሞላ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ከአሥረኛ ክፍል ወድቆ የተቀመጠ ቀልደኛ ነበር፤ በሕይወቱ እርስዎ ብሎት የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የባጃጅ ሹፌሩ ንጉሤ ከወንበሩ ወደቀ። ሞላ ግን ጉሮሮውን ጠርጎ "ጎንደር ነው የተማርኩት፤ ንገሪያቸው" አለኝ። ሄጄ እንደወረደ ነገርኳቸው።

"ጎንደር?" አሉ የኔታ። "ጎንደር እንዲህ ያለ ዜማ የለም። ቢኖር እሰማው ነበር።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንመለስ ከጌም ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ድንጋይ ላይ እንቀመጥ ጀመር። የኔታ አገጫቸውን ዱላው ላይ አስደግፈው ያዳምጣሉ። ሰው "እንደምን ዋሉ የኔታ፣ ደከሙ እንዴ?" ሲላቸው "እግሬን ነው" ይላሉ። ድንቄም እግር!

"ይዞራል" አሉኝ በሁለተኛው ቀን። "እንደ አውድማ በሬ ይዞራል። ሄዶ ሄዶ ራሱ ላይ ይመለሳል። ግን ሲመለስ አታውቂበትም። መጋጠሚያው የት ነው? ፈልጊልኝ።"

ሁለት ቀን ሙሉ ፈለግኩ። "ከፍ ብሎ የሚቆረጥበት ቦታ ላይ ነው" አልኳቸው።

"አይደለም፤ እዚያ ሰውየው ትንፋሽ ወሰደ እንጂ አልጨረሰም። ሰነፍ ነው ከፍ ያለ ቦታ ላይ የሚገጥም። ይኼ ሰው ሰነፍ አይደለም። ዝቅ ባለው፣ ማንም በማይጠረጥረው ቦታ ላይ ነው የገጠመው። እስቲ ያ ዝቅ ያለው በእኛ ቤት ማንን ይመስላል?"

ዜማ የሚያዘው እንዲህ ነው፤ የማታውቂውን ከምታውቂው ጋር እያመሳሰልሽ። እኔም በልቤ ድጓውን እያገላበጥኩ፣ ይህ እንደ ጽጌው ዜማ ነው፣ ይህ እንደ ጾሙ ነው፣ እያልኩ ገጣጠምኩት። የቀረኝን በደብተሬ ጀርባ በድጓ ምልክት ጻፍኩት። በፍለጋዬ በሦስተኛው ቀን መጋጠሚያውን ሳገኘው ከድንጋዩ ላይ ዘለልኩ። የኔታ ሳቁ። ዛሬ ደንበኞቼ "ሁለት ደቂቃ የሆነች፣ ሦስት ሰዓት ብትሰማ የማትሰለች ዜማ ላኪልን" ሲሉኝ የምሠራው ያንኑ ነው። ዝቅ ባለው ቦታ እገጥማለሁ። ብዙ ዘመን ተምረው የመጡ ሰዎች ከፍ ባለው ላይ ይገጥሙና ጨዋታው ሳያልቅ ጆሮ ይታክታል።

"አሁን አስገቢኝ" አሉኝ የኔታ በማግስቱ። "እንዲህ ያለ መምህር ውስጥ እያለ እኔ ደጅ ተቀምጬ አልቀርም።"

አስገባኋቸው። ስድስት ሰዓት ገደማ ነበር። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተማሪዎቹ ቁራሽ ሊለምኑ ወደየሰፈሩ ስለሚወጡ የኔታ ዕረፍት ናቸው። መጋረጃውን ስገልጥ ስድብ በአየር ላይ ቀረ። ሁሉም ተነሱ። ሞላ ሪሞቱን ጥሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ነጭ ጋቢያቸውን እንዳያቆሽሽ የፕላስቲኩን ወንበር በሸሚዙ ጠረገ።

"መምህር ሞላ" አሉት የኔታ በትሕትና፣ "መጋጠሚያውን ከማን ነው ያገኘኸው?"

ሞላ ሊያለቅስ ደረሰ። "የኔታ፣ አፈር ልብላልዎት፣ እኔ አይደለሁም። ቀልዴን ነው። ከሲዲው ነው የሚወጣው። ፈረንጅ ይሁን ጃፓን አላውቅም።"

እኔ በቁሜ ደረቅኩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዜማ የደረሰ ሰው ቅዱስ ያሬድ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ሌላው ሁሉ የተማረውን የሚደግም ነው። በኋላ ሞላን ጨምሬ ሁለት አድርጌያቸው ነበር። አሁን ደግሞ በማላውቀው አገር ተቀምጦ፣ ተራራ ለሚወጣ የቴሌቪዥን ሰውዬ ብሎ ዜማ የሚደርስ ሰው አለ ተባለ። እንዲህ ያለ ሥራ አለ! የደነገጥኩት ድንጋጤ ደስታ መሆኑን ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

"ስሙ የለም?" አሉ የኔታ።

"አለ፤ መጨረሻው ላይ ይወጣል" አለ ንጉሤ። "ጌሙ ሲያልቅ የሠሩት ሰዎች ስም በሙሉ ይዘረዘራል። እኛ ግን ጨርሰነው አናውቅም። ሚሞሪው ተበላሽቷል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ከመጀመሪያው ነው የምንነሳው።"

"እንግዲያውስ ጨርሱታ!" አሉ የኔታ። "ይህን ሁሉ ጊዜ የሰውን ዜማ እየሰማችሁ ስሙን አታውቁም? ነውር አይደለም?"

በሰቆጣ ታሪክ ጌም በመምህር ትእዛዝ የተጫወተ ሰው ቢኖር ንጉሤ ብቻ ነው። አምስት ቀን ሞከረ። በመጀመሪያው ቀን ቀንዳም አውሬ በላው። በሁለተኛው መብራት ጠፋ፤ ጀነሬተሯ ደግሞ እምቢ አለች። የኔታ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው "አሁን የት ደረሰ?" ይሉኛል፤ እኔም "ወንዙን ተሻገረ፣ የኔታ"፣ "ሞተ፣ የኔታ" እላቸዋለሁ። ሰውየው ሲሞት አጭር ዜማ አለች። "ይህቺ ሙሾ ናት" አሉ። "የደረሳት ሰው ሐዘን ያውቃል።"

በአምስተኛው ቀን ንጉሤ ከእጁ ላብ እየጠረገ ያልታየ ቦታ ደረሰ። ቤንዚን ሊያልቅ ሲል ሞላ ከንጉሤ ባጃጅ ቀድቶ አመጣ፤ ቤቱ በቤንዚን ሽታ ታፈነ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። "የኔታ፣ ትምህርት ደርሷል" አልኳቸው። "ትንሽ" አሉ። አሥር ሰዓት ሆነ። አሥራ አንድ ሊሆን ሲል አውሬው ወደቀ፣ ቤቱ በእልልታ ተናወጠ፣ በጠቆረው የቴሌቪዥን መስኮት ላይ ነጫጭ ፊደላት ወደ ላይ መፍሰስ ጀመሩ።

"ሙዚቃ የሚለው መጣ! አንብቢ!" አለኝ ሞላ። አራተኛ ክፍል በተማርኳት እንግሊዝኛ ፊደል በፊደል ያዝኩ። ሁለት ስም ነበር። የመጀመሪያውን ግማሹን አንብቤ ግማሹ አመለጠኝ። ሁለተኛውንም እንዲሁ።

"ለምን ሁለት ሆኑ?" አሉ የኔታ።

"አንዱ ዜማውን ደረሰ፣ አንዱ አቀናበረ" አለ ሞላ። የካሴት ልባስ አንብቦ ስለሚያውቅ ነው።

"አንዱ ወለደ፣ አንዱ አለበሰ ማለት ነው" አሉ። ከዚያ እኔ ያነበብኳቸውን ሁለት ግማሽ ስሞች እስኪይዟቸው ድረስ ደጋገሙ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መምህሮቻቸውን በጸሎት ሲያስቡ እነዚያ ግማሽ ስሞች ከመጨረሻው ይገቡ ነበር። "ሙሉውን እሱ ፈጣሪ ያውቀዋል" ይሉ ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እኛ መጋጠሚያ ስንፈልግ ወሬው ከተማውን ዞሯል። ቁራሽ ሊለምን የወጣ አንድ ተማሪ የኔታ ከመጋረጃው ሲወጡ አይቷል። ያን ቀን ደግሞ አርባ ተማሪ መምህር አጥቶ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሏል። ቀንዳሙ አውሬ ሰይጣን ሆነ፤ ጌም ቤቱ ቁማር ቤት ሆነ፤ እኔ ደግሞ ዕውር መምህርን በዱላ ጎትታ ቁማር ቤት የከተተች ልጅ ሆንኩ። ሞላ ሱቁን ዘግቶ ወደ ዘመዶቹ ገጠር ወረደ።

በእሑዱ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ደጀ ሰላም ጠሩን። ካህናቱ ዙሪያውን ተቀምጠዋል፤ ዝናቡ የቆርቆሮውን ክዳን ይደበድባል። የኔታን በክብር ከመካከል አስቀመጧቸው። እኔንና እናቴን በር ሥር አቆሙን። ከአጠገቤ ድንጋይ ተቀምጧል። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚገባው፤ ለእኔ ትንሽ መርጠውልኛል። መሪጌታ ፈንታ ክፉ ሰው አልነበሩም ልል እችል ነበር፤ አልልም። ያን ቀን ክፉ ነበሩ።

"የኔታ አያዩም" አሉ ለጉባኤው። "የት እንደገቡ አላወቁም። የመራቻቸው እሷ ናት፤ ጥፋቱም የሷ ነው። ድንጋዩን ተሸክማ 'አታልያቸው ነው' ትበልና ይቅር እንበላት። የኔታም በወንበራቸው ላይ ያስተምሩ። ከነገ ጀምሮ ግን ዱላውን ዲያቆን ይያዝ።"

"በይ ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም። ተሸከሚና እንሂድ" አለችኝ እናቴ በሹክሹክታ።

ድንጋዩ አላስፈራኝም፤ ከሱ የሚከብድ ጄሪካን በየቀኑ ተሸክሜያለሁ። አልወጣ ያለኝ ቃሉ ነበር። "አታልያቸው ነው" ካልኩ የኔታ በገመድ እንደሚጎተት ፍየል ሆኑ ማለት ነው። እሳቸው! የማላውቀውን መጋጠሚያ ያሳዩኝ ሰው! ደሜ ፈላ።

"አልልም" አልኩ።

"ምን አልሽ?"

"አልልም። አላታለልኳቸውም። አስገቢኝ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።"

ቤቱ ሁሉ "ኡ!" አለ። እናቴ ክንዴን ጨመደደችኝ። "አያትሽን አሳልፈሽ ሰጠሽ፣ አንቺ ከይሲ!" አለችኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ካህናቱ ለየኔታ መውጫ በር ከፍተውላቸው ነበር፤ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። እያወቁ ከገቡ ጥፋተኛው እሳቸው ናቸው፤ ወንበራቸውም ይሄዳል። ቃሉን ልመልሰው ብል ደግሞ ውሸት ነው። ስለዚህ ድንጋዩን ሳልነካ ቆምኩ።

"ልጅ ያቦካው ለራት አይሆንም" አሉ መሪጌታ ፈንታ። ወደ የኔታ ዞረው ድምፃቸውን አለዘቡ። "የኔታ፣ እርስዎ ይንገሩን። አታላዎት ነው፣ አይደል?"

አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው። ሁሉም አዎ እንዲሉላቸው አንገታቸውን አስግገው ነበር።

"ፈንታ" አሉ የኔታ፣ "አንተን ያስተማረህ ማን ነው?"

"እርስዎ ነዎት፣ የኔታ።"

"ዜማ ስትሰማ መጀመሪያ ምን በል ብዬሃለሁ?"

"የማን ነው፣ በል ብለውኛል።"

"እኔም እሱን ነው ያልኩት፤ መልሱ ያለበት ቤት ሄድኩ። ዓይኔ ነው የጠፋው፣ ልቤ አልጠፋም። ቤንዚን ይሸተኛል፣ የጎረምሳ ስድብ ይሰማኛል። ደጀ ሰላም የገባሁ መስሎኝ ነበር ልትሉ ነው? በገዛ እግሬ ነው የገባሁት። ተማሪዎቼን ማስጠበቄ ጥፋት ነው፤ እሱን ይቅር በሉኝ። ልጅቷ ግን ምንም አላጠፋችም።"

"እንግዲያውስ ወንበሩ..." አሉ መሪጌታ ፈንታ፤ ሊጨርሱት አልደፈሩም።

"ወንበሩ የደብሩ ነው፣ ውሰዱት። ድጓው ግን ሆዴ ውስጥ ነው። እሱን የምታወጡበት መላ ካላችሁ እሰየው!"

ተነሱ። ዱላውን አንድ ዲያቆን ይዞት ነበር። "ለባለቤቷ ስጣት" አሉት። ሰጠኝ።

በዝናብ ውስጥ ወደ ቤት ስንሄድ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም። "አጠፋሁ፣ የኔታ?" አልኳቸው።

"አዎ። ድምፅሽን አሳነስሽ። ከዳር የተቀመጡት አልሰሙሽም።"

ሰኞ ማለዳ ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው፣ በረንዳችን ላይ ካለው መደብ ተቀመጡ። ማንም አልመጣም። ማክሰኞም ማንም የለም። እናቴ አታናግረኝም፤ ዶሮዎቹ ብቻ በእግራቸው ሥር ይመላለሳሉ። የኔታ ለባዶ ግቢ የዕለቱን ዜማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሉት። እኔ ከኋላቸው ተቀምጬ፣ በእኔ አፍ ምክንያት ቤታችን ፈረሰ፣ እያልኩ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ አንዴ ያልኩትን ደግሜ እለው እንደሁ ራሴን ጠይቄ ነበር። እለዋለሁ፣ አልኩ።

ረቡዕ ገብሬ መጣ። ደበሎው በዝናብ ርሶ ይሸታል፤ ድጓውን ከነማኅደሩ አንግቷል። በአጥሩ በር ላይ ቆሞ፣ "የኔታ፣ ግማሽ ላይ ነኝ። ግማሽ ድጓ ይዤ የት አገር እሄዳለሁ?" አለ።

"ጭቃህን ጥረግና ግባ" አሉት።

ሐሙስ ስድስት ሆኑ። በሳምንቱ ግቢያችን ጠበበ፤ እናቴ እያጉረመረመች ባቄላ ትቆላላቸው ጀመር። የደብሩ ወንበር ባዶውን ቀረ። መሪጌታ ፈንታ በቀን ሁለት ጊዜ በአጥራችን ሥር ያልፋሉ፤ ጥምጥማቸው ከአጥሩ በላይ ሲሄድ ይታያል።

አንድ ጠዋት ሁሉም ተሰብስቦ፣ የኔታ የመጀመሪያውን ተማሪ እስኪጠሩ ጸጥ ብሎ ይጠብቃል። እኔ እንደ ወትሮዬ ከኋላቸው ነኝ።

"ትርንጎ" አሉ።

"አቤት፣ የኔታ።" ውኃ የፈለጉ መስሎኝ ተነሳሁ።

"ከኋላዬ ውጪና ፊት ለፊቴ ተቀመጪ።"

ከተማሪዎቹ አንዱ "የኔታ፣ ሴት ልጅ..." ብሎ ጀመረ።

"ግቢው የማን ነው?" አሉት።

"የእርስዎ።"

"እንግዲያው ዝም በል። ትርንጎ፣ ድጓውን ከራሱ ጀምሪ።"

ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ፊታቸውን ከዚያ በፊት በትምህርት ሰዓት ከፊት አይቼው አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ጀርባቸውን ነው የማውቀው። አፌ ደረቀ። ድጓውን ከራሱ አነሳሁ፤ ድምፄ ቀጥኖ ወጣ፤ ሁለተኛው ቃል ላይ ትንሽ ጸና። ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ፤ ገብሬ በጣቱ መሬቱን እየነካ ይከተለኛል። ያን ጊዜ ከመንገዱ በኩል የእግር ኮቴ መጣና ቆመ። አቋርጬ ቀና ብዬ ሳይ መሪጌታ ፈንታ ናቸው። ነጭ ጥምጥማቸው ከአጥሩ በላይ አለ፤ አይንቀሳቀስም።

የኔታም ኮቴውን ሰምተዋል። አገጫቸውን ዱላው ላይ አድርገው ጠበቁኝ።

ጥምጥሙን እያየሁ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።